ከመጀመሪያው ሽያጭ በፊት መግባት ስለተከለከለችው ውሻ

ይድረስ ለጋልሜ የደረቅ ዓሣ ገበያ ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ለክቡር አቶ ፕዮ ዱማን
ቡሳን

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና በዚህ ብርድ ዘወትር የሚያስቸግርዎትን የግራ ጉልበትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከዓይኔ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህ ደብዳቤ በገበያው ዋና በር ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያደረግሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ማኅበሩ ላቀረብኩት ማመልከቻ፣ ለእኔ ለዓይነ ስውሯ የሰጠው መልስ በጥሩ ወረቀት፣ በጉልህ ፊደል ተጽፎ እዚያው ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ከጎረቤቶቼ ስለሰማሁ፣ ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሆነው ቢነጋገሩ ይሻላል ብዬ ነው።

በሰሌዳው ፊት የሚያልፍ ሁሉ ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ። ታክ ቦክሱን እባላለሁ። በሁለተኛው ረድፍ፣ ከእርስዎ ሱቅ ጋር ግድግዳ የምጋራ፣ ለምግብ ቤቶች የሾርባ ማጣፈጫ የሚሆን ደረቅ ትንንሽ ዓሣ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ዓይኔ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዶ ዛሬ የቀረኝ ብርሃንን ከጨለማ መለየት ብቻ ነው። ስለዚህ መንገድ የምትመራኝ ቦሪ የምትባል የሠለጠነች ውሻ አለችኝ። እርስዎ እስከ ሊቀመንበርነት ምርጫው ድረስ «እትዬ» ይሉኝ ነበር፤ በተለጠፈው መልስ ላይ ግን «የሁለተኛው ረድፍ ተከራይ» ተብያለሁ። ለተሰጠኝ ማዕረግ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔም «አንተ» እልዎት የነበረውን ድፍረቴን ከዛሬ ጀምሮ አርሜያለሁ።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለእርስዎ ጆሮ ስለሚከብድ፣ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ለሰጡኝ ቃል አመሰግናለሁ። ዓይኔ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ሐኪሙ የነገረኝ ዕለት፣ ለገዛ ልጄ እንኳን ሳልናገር ወደ እርስዎ ሱቅ ጓዳ ነው የመጣሁት። በማሞቂያው አጠገብ አስቀምጠው በወረቀት ኩባያ ቡና በጠበጡልኝ። መሪ ውሻ እንደሚያስፈልገኝ፣ ገበያው ግን እንዳይከለክላት መፍራቴን ስነግርዎ አልቅሼ እንደነበርም አልደብቅም። የተናገሩትን ያን ቀን ማታ በማስታወሻዬ አስፍሬዋለሁና አንድ ቃል ሳልጨምር እነሆ፦ «እትዬ፣ ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የሆንሽው? ውሻዋን አምጫት! በሩን እኔ ራሴ ነኝ የምከፍትላት። ማንም ያጉረመረመ እንደሆነ ከነጭንቅላቱ ደረቅ ዓሣ አፉ ውስጥ እወትፍለታለሁ!» ሳቅሁ። በዚያ ቀን መሳቅ መቻሌ ራሱ ትልቅ ውለታ ነበር።

ጊዜው እርስዎ ለሊቀመንበርነት የሚወዳደሩበት ወቅት መሆኑን ልብ አላልኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ ነጋዴ ነኝ። ልብ ያላልኩት፣ ቃልዎ ከምርጫው ሣጥን ጋር አብሮ የሚታሸግ መሆኑን ነው። በቀረችኝ ጭላንጭል ግድግዳ እየዳበስኩ ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩልዎ። «ለዱማን ስጡ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ልጅ ነው» እያልኩ በየሱቁ ዋስ ሆንኩ። በንግድ ዘመኔ ዋስ የሆንኩለት ዓሣ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም። ሰው ከዓሣ ቶሎ እንደሚበላሽ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ለበሉት የሩዝ ኬክ አመሰግናለሁ። ከቦሪ ጋር ለመላመድ ማሠልጠኛው ውስጥ ሰንብቼ ስመለስ አሠልጣኛችን አቶ ሃም ደጋግመው መክረውኝ ነበር። «እናቴ፣ አደራ ፈቃድ እንዳይጠይቁ» አሉኝ። «ሕጉ ይፈቅድልዎታል። ሰው ዱላውን ይዞ ሊገባ ነው ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል? እንደ ዱላዎ ይዘዋት ዝም ብለው ይግቡ።»

እኔ ግን የዚህ ገበያ ሰው ነኝ፤ ዝም ብሎ መግባት አልሆነልኝም። እኛ ዘንድ አዲስ ሰው ሱቅ ሲከፍት፣ አዲስ ጎረቤት ሲገባ፣ ከላዩ ቀይ ባቄላ የተነሰነሰበት ትኩስ የሩዝ ኬክ ለጎረቤት ያድላል፤ ካላደለ ባለጌ ይባላል። ስለዚህ ኬኩን በእንፋሎት አብስዬ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ልጄ ክንዴን ይዛኝ በየሱቁ ዞርኩ። «አዲስ ጎረቤት መጥታለች፣ ስሟ ቦሪ ነው፣ አደራችሁን» አልኩ። ሁሉም ተቀበለ። እርስዎማ፣ ምርጫው ገና ስላልተካሄደ፣ ሁለት ጊዜ አንስተው «እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ ቢደክምም እጅሽ አልደከመም!» አሉኝ።

ምርጫውን አሸንፈው በጠሩት የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ግን ያንኑ ኬክ ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። «ኬክ የታደለለት ሁሉ አዲስ ገቢ ነው። አዲስ ገቢ ደግሞ በደንባችን መሠረት በኮሚቴ ታይቶ ይወሰንበታል» አሉ። ውሻዬን ዓይኔ ናት ብዬ ባመጣት ኖሮ ማንም የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ጎረቤት ናት ብዬ በወጉ ስላስተዋወቅኋት ተወዳዳሪ ነጋዴ ሆና ተቆጠረች። ወግ ማክበሬ እንዲህ ዋጋ እንደሚያስከፍለኝ ያወቅሁት በእርስዎ አስተማሪነት ነው።

ሦስተኛ። በስብሰባው ላይ ስለነበረው ነፃ ውይይት አመሰግናለሁ። በር ላይ ለሚያነቡ ወገኖች እንዲጠቅም፣ ጆሮዬ የያዘውን እዘግባለሁ።

መጀመሪያ የተነሡት የትልልቅ ደረቅ ዓሣ ነጋዴው አቶ ባንግ ነበሩ። «ውሻ ይጮሃል! ደንበኛ ያባርራል! ዓሣዬን ይበላል!» አሉ፤ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ።

የባሕር ቅጠል ሻጯ ወይዘሮ ሶክ «እስካሁን እዚህ የጮኸ ካንተ ሌላ አልሰማሁም» አሏቸው። «ዓሣ ስለ መብላት ካነሣህ ደግሞ ያቺ ድመትህስ? ባለፈው ከመደርደሪያህ ላይ ዓሣ ነጥቃ ስትሮጥ ‹ወይኔ የኔ ቆንጆ› ብለህ ውኃ የሰጠሃት አንተ አይደለህም?»

«ድመት ሌላ ነው! ድመት አይጥ ይይዛል!»

«ይህቺ ደግሞ ሰው ትይዛለች። ቦክሱን ከደረጃው ስትወድቅ አንተ ልትይዛት ነው? አንተ እንኳን ሰው ወሬም መያዝ አትችል!»

ቤቱ ሳቀ። አቶ ባንግ እልህ ያዛቸውና «እሺ፣ ይህን ያህል የሚወራላት ውሻ የታለች? ትምጣና ጨዋነቷን እንያዋ!» ብለው ፎከሩ። ወይዘሮ ሶክ «ጎንበስ በል» አሏቸው። ቦሪ ከስብሰባው መጀመሪያ አንሥቶ ጠረጴዛው ሥር፣ የአቶ ባንግን ጫማ ተንተርሳ ተኝታ ነበር።

በዚህ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቶ ባንግ ግን እግራቸውን ሰብስበው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በገበያችን ማንም ሊከራከረው የማይደፍረውን ነገር አመጡ። «የመጀመሪያው ሽያጭስ? ጠዋት ገና ምንም ሳልሸጥ ውሻ በደጄ ካለፈ ቀኑን ሙሉ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው?» አሉ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ደንበኛ የቀኑን ዕድል ይዞ እንደሚመጣ እኔም አምናለሁ፤ ሳይገዛ የወጣ የመጀመሪያ ደንበኛ እኔንም አንጀቴን ያሳርረኛል። ውሻ ግን መቼ ነው የዕድል ጠላት የሆነችው? በየዓመቱ መባቻ ገበያ እንዲደራ ብለን ፈገግ ያለ የአሳማ ጭንቅላት ዋናው በር ላይ አስቀምጠን በፊቱ የምንሰግድ ሰዎች፣ በሕይወት ያለች ውሻ ስትመጣ ዕድላችን ደነገጠ ማለት እንዴት እንደሚያስኬድ እስካሁን አልተገለጠልኝም።

በዚህ ጊዜ የጠበቅሁት የእርስዎን ድምፅ ነበር። የት እንደተቀመጡ አውቃለሁ፤ ጉሮሮዎን ሲጠርጉ ሰማሁ። አሁን ይናገራል አልኩ። ተናገሩም። «የሁሉንም ስሜት የሚጠብቅ መካከለኛ መፍትሔ አለ» ብለው፣ ውሻዋ ትግባ፣ ነገር ግን የሁለቱም ረድፍ ሱቆች ሁሉ የመጀመሪያ ሽያጫቸውን ካደረጉ በኋላ ትግባ አሉ። እጅ ወጣ ተባለ። የማን እጅ እንደወጣ ስለማላይ ማንንም አልቀየምኩም። ይህ የዓይነ ስውርነት በረከት ነው፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ተናግረው የተገኙብኝ።

አራተኛ። በዋናው በር ቆሜ ስለተነፈስኩት ንጹሕ የባሕር አየር አመሰግናለሁ። የእኛን ሥራ የማያውቅ ሰው «ታዲያ ትንሽ ብትቆይ ምን አለበት?» ሊል ይችላል። የእኔ ደንበኞች ምግብ ቤቶች ናቸው። ሾርባቸው ለምሳ መድረስ ስላለበት ዓሣቸውን ገና በማለዳ ይገዛሉ፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ለእኔ ገበያው አልቋል። በየማለዳው ከቦሪ ጋር በሩ ላይ ቆሜ፣ ነፋሱ ከወደቡ በኩል እየገረፈን፣ ወይዘሮ ሶክ በስልክ «እኔ ሸጫለሁ፣ ከእኔ በኩል ግቢ!» ሲሉኝ፣ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሲያሳውቁኝ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ሁልጊዜ አቶ ባንግ ናቸው። «ገና ነው እትዬ፣ ዛሬ ገበያው ሞቷል» ይሉኛል፤ ከበስተኋላቸው ደንበኛ «ይህን ጠቅልልልኝ» ሲል እየሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ገብቼ መዝጊያዬን ስከፍት የምሰማው ሌላ ነው። ደንበኛዬ የነበሩትን የአንድ ሾርባ ቤት ባለቤት ሳላቸውን አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት ሱቄ ውስጥ ሲስሉ ኖረዋል። አሁን ከግድግዳው ማዶ፣ ከእርስዎ ሱቅ ነው የሚስሉት። እርስዎም ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ዓሣ የሚሸጡ ስለሆነ ደንበኞቼ በረሃብ እንዳይጎዱ ማሰብዎን አደንቃለሁ።

በቀደም ደግሞ ከጸሐፊዎ ስልክ ተደወለልኝ። በማለዳ መዝጊያውን ሳያነሣ አንድ ወቅት ያሳለፈ ሱቅ ለማኅበሩ እንደሚመለስ ደንቡ ይደነግጋልና እንዳስብበት በትሕትና አሳሰቡኝ። በማለዳ እንዳልገባ የከለከለኝም፣ በማለዳ ስላልገባሁ ሱቄን የሚወስደውም አንድ ማኅበር መሆኑ ሥራውን ያቀላጥፈዋል። እርሱንም ቢሆን እንደ ጽሕፈት ቤት ስሕተት ቆጥሬ ላልፈው ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ፣ እኔ ሱቄ ጓዳ ውስጥ መኖሬን ሳያውቁ፣ ከግድግዳው ማዶ የብረት ሜትር ሲዘረጋና ጠሽ ብሎ ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ሰማሁ። እርስዎም «እዚህ ጋ ቢፈርስ ሁለቱ አንድ ሰፊ ሱቅ ይወጣቸዋል» ሲሉ ሰማሁ። ቦሪ ድምፅዎን አውቃ ጭራዋን ወለሉ ላይ መታች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ማሞቂያው አጠገብ የጠጣሁት ቡና ጣዕሙ ተለውጦብኛል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ሒሳብ ዕውቀትዎ ነው። ነገሩ በልቅሶ እንደማይፈታ ሳውቅ በንግድ ልፈታው ሞከርኩ። ገበያው ሲከፈት በር ላይ ሆኜ ለእያንዳንዱ ሱቅ ደወልኩና ከእያንዳንዱ አንዳንድ ነገር ገዛሁ፤ ልጄ እየዞረች ከፈለች፣ እየዞረች ተረከበች። ከአቶ ባንግ እንኳን የማልበላውን ዓሣ ገዛሁ። ፀሐይ ሳትወጣ ገበያው በሙሉ የመጀመሪያ ሽያጩን ጨረሰ፤ የሁሉም የመጀመሪያ ደንበኛ እኔ ነበርኩ። ቦሪን ይዤ ልገባ ስል የእርስዎ ውሳኔ በጸሐፊዎ አፍ ደረሰኝ፦ ነጋዴ ከነጋዴ የገዛው የመጀመሪያ ሽያጭ ተብሎ አይቆጠርም፤ ዕድል የሚያመጣው የውጭ ደንበኛ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ ከብርዱ ይልቅ ያቀዘቀዘኝ ምን እንደነበር በአደባባይ ልናገር። አባትዎ አርፈው ሱቁን በተረከቡበት የብርድ ወቅት፣ የሻገተ ዓሣ ሸጠ የሚል የሐሰት ወሬ ተነዝቶብዎት ሰው ደጅዎን እየዘለለ ሲያልፍ ያስታውሳሉ። ወቅቱ እስኪያልፍ ድረስ በየማለዳው የራሴን መዝጊያ ሳላነሣ ወደ እርስዎ የመጣሁት እኔ ነበርኩ። ራሴ የምሸጠውን ዓሣ ከእርስዎ ገዛሁ፤ ዓሣ ለዓሣ ነጋዴ። እርስዎም ገንዘቡን ግንባርዎ ላይ አስነክተው «ቀኔ ተከፈተ፣ እትዬ!» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ነጋዴ አልነበርኩም እንዴ? ወይስ ያ ዕድል ዛሬ ተሰርዞ፣ ከዚያ ወዲህ የሸጡት ሁሉ ሊመለስ ነው? ሳይቆጠር የቀረው ገንዘቤ ቢሆን ቅር አይለኝም ነበር። ያልተቆጠርኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬ ስላበቃ ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ውሻዬን ወደ ሥራ ቦታዬ ይዤ እንድገባ እንዲፈቀድልኝ ያቀረብኩትን ማመልከቻ በዚህ ደብዳቤ አንስቻለሁ። አቶ ሃም እንዳሉኝ ቀድሞም መጠየቅ አልነበረብኝም፤ የጠየቅሁት ፈቃድ ሳይሆን ወዳጅነት ነበር፣ እርሱም በኮሚቴ የሚሰጥ እንዳልሆነ ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛል። ሕጉን የሚያውቁ አንድ የወረዳ ሠራተኛ በሚቀጥለው ሰኞ ማለዳ አብረውኝ ለመምጣት ፈቃደኛ ነበሩ፤ አመስግኜ ብቻዬን እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ። ወይዘሮ ሶክም «ክንድሽን ይዤ ካልገባሁ» ብለው ተቆጥተውኛል፤ እርሳቸውንም ለምኜ አስቀርቻለሁ።

ሰኞ መዝጊያዎች ገና ሳይነሡ፣ ማንም ምንም ሳይሸጥ፣ በዋናው በር ከቦሪ ጋር እገባለሁ። ሁለታችንንም ለመከልከል መብት አለኝ የሚል ካለ በሩ ላይ ይጠብቀኝ። አንድ ነገር ብቻ በትሕትና እለምናለሁ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አላነብም። ራስ መነቅነቅና የእጅ ምልክት አይታዩኝም። በጸሐፊ በኩል የሚመጣ ቃልም ከእንግዲህ አልቀበልም። ስለዚህ «አትገቢም» የሚሉኝ ከሆነ፣ እርስዎ ራስዎ በፊቴ ቆመው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ሁለቱም ረድፍ እየሰማ፣ በሚያውቁኝ ስሜ ጠርተው ይበሉኝ። እርሱን ከአፍዎ ከሰማሁ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ግድግዳውንም እንዳሻዎ ያፍርሱት።

የማኅበሩ ሥራ እንዲቃናልዎ፣ ጉልበትዎ ከብርዱ እንዲጠበቅ፣ የዓመቱም ገበያ እንዲደራልዎ እየተመኘሁ፣ ግድግዳው እስኪፈርስ ድረስ ጎረቤትዎ፣ በምርጫው ዋስዎ፣ በዚያ የብርድ ወቅት ደግሞ ያልተቆጠረች የመጀመሪያ ደንበኛዎ በመሆን ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ታክ ቦክሱን
የሁለተኛው ረድፍ ተከራይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ገበያው ዝግ በዋለበት አንድ ቀን አቶ ሃም ቦሪን ዘወትር የምሄድባቸውን ቦታዎች አስለምደዋት ነበር፤ የሱቄን መዝጊያ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የባንኩን በር። ያኔ እኔው ለምኛቸው የእርስዎንም ሱቅ ጨመሩላት። አሁን በደጅዎ ባለፍን ቁጥር ትቆምና ጭራዋን እየቆላች እስክገባ ትጠብቀኛለች። ይህን ደጅ ያስረሷት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «እናቴ፣ ውሻ አንዴ የወዳጅ ቤት ነው ብላ የያዘችውን ለመርሳት ብዙ ወራት ይፈጅባታል» አሉኝ። እርስዎ በአንድ የምርጫ ሌሊት ስለተሳካልዎት፣ ጊዜ ሲያገኙ ዘዴውን ለአቶ ሃም ቢያካፍሏቸው ውለታዎ ትልቅ ነው።